ድንኳኑን ለመትከል አትቸኩሉ፦ «ኤስኢኦ ሞቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአንዱ ቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው እየዞረ ነው። ርዕሱ «ኤስኢኦ ሞቷል፤ ዌብሳይት ያላችሁ ንቁ» ይላል። ኤስኢኦ ማለት ሳይት በጉግል ፍለጋ ላይ ቀድሞ እንዲገኝ የሚደረግ ሥራ ነው። እኔም ጋ ደርሷል፤ ያውም ደጋግሞ። ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ የአገር ልብስና የስፌት ዕቃ የምትሸጥበት ትንሽ ሳይት አላት። «ታዲያ የዘንድሮውን ሆስቲንግ (የሳይቱን ማስቀመጫ ኪራይ) ልክፈል ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ግራ ለገባቸው ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ሰው ጉግል ማድረግ ትቶ ቻትጂፒቲን መጠየቅ ጀምሯል፤ ስለዚህ ጉግል ላይ ለመገኘት መልፋት አብቅቷል ይላል። ለዚህም የጸሐፊው የሰርች ኮንሶል (ሳይት ጉግል ላይ ስንት ጊዜ እንደታየና እንደተከፈተ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) ግራፍ በማስረጃነት ቀርቧል። ከዚያ መድኃኒቱ ይመጣል። በኤአይ በቀን 50 ጽሑፍ እያመረታችሁ ልቀቁ። አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ጻፉ። አይሆንም ካላችሁ የቃሉን የፊደል አማራጮች ሁሉ ከገጹ ግርጌ በነጭ ቀለም ደርድሩ። ለኤአይ ቦቶች (ገጽ እየዞሩ ለሚያነቡ ፕሮግራሞች) የሚሆን ልዩ ፋይል አስጭኑ። ባክሊንክ፣ ማለትም ከሌሎች ሳይቶች ወደ እናንተ የሚያመጣ ሊንክ፣ በጥቅል ግዙ። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ደግሞ ሳይቱን ዝጉት፤ የቴሌግራም ቻናል ይበቃችኋል። ፋይሉንም ባክሊንኩንም የሚሸጡት እንግዲህ ራሳቸው ጸሐፊው ናቸው።

ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ማንም ባላመነው ነበር። ጸሐፊው ያዩት ለውጥ እውነተኛ ነው። ክሊክ ቀንሷል። ከዚያ ተነስተው ፍለጋ ራሱ አበቃለት ማለታቸው ግን ትልቅ ዝላይ ነው። የአማርኛ ሳይት ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም የሚቀድም ችግር አለበት። ገጹ ላይ ማሽን ሊያነበው የሚችል መልስ የለም። ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ግራፉን እዩት»

ብዙ ሰው የደነገጠው በግራፉ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጸሐፊው የለጠፉት ስክሪንሾት ላይ ሴፕቴምበር 2025 አካባቢ የኢምፕሬሽን (ገጹ በፍለጋ ውጤት ላይ የታየበት ብዛት) መስመር በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ «ሰው ጉግልን ጥሎ ሄደ» ብለው ጽፈዋል።

የብዙ ሳይቶችን ሰርች ኮንሶል ብትከፍቱ ይችኑ ቁልቁለት ታያላችሁ። የሆነው ነገር ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የጉግል ውጤት አድራሻ ላይ ትንሽ ትእዛዝ በመጨመር በአንድ ገጽ 100 ውጤት ማየት ይቻል ነበር። እኔና እናንተ አንጠቀምባትም። የሚጠቀሙባት የራንክ (የደረጃ) መከታተያ ሶፍትዌሮች ነበሩ። በየቀኑ የኪወርድ (የፍለጋ ቃል) መዓት ይፈልጋሉ፤ መቶውንም ውጤት ባንዴ ይጭናሉ። የእናንተ ገጽ 87ኛ ላይ ከነበረ፣ ቦቱ ውጤቱን ሲጭን «ታየ» ተብሎ ይቆጠርላችኋል። ሰው ግን አላየውም። ማን 87ኛ ድረስ ይወርዳል? ጉግል ያቺን ትእዛዝ በሴፕቴምበር 2025 ከአገልግሎት አወጣት። የቦቶቹ ኢምፕሬሽንም አብሮ ሄደ።

ይህን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። እዚያው ግራፍ ላይ «አማካይ ደረጃ» የሚለውን ሳጥን ተጫኑ። በዚያ ሰሞን ደረጃችሁ ተሻሽሎ ካያችሁት ነገሩ ይሄው ነው። 80ኛና 90ኛ ላይ እየተቆጠሩ የነበሩት ሲወጡ አማካዩ ከፍ ይላል። ቀጥሎ የክሊክን ሳጥን ተጫኑ። ክሊኩ ባለበት ከሆነ ያጣችሁት ሰው የለም።

የጸሐፊው ስክሪንሾት ላይ የክሊክ ሳጥን አልተመረጠም። ሰርች ኮንሶል ሲከፈት ክሊክም ኢምፕሬሽንም ተመርጠው ነው የሚመጡት፤ አንዱን ለማጥፋት እጅ ማንሳት ይጠይቃል። ለምን እንዳጠፉት እሳቸው ያውቃሉ።

«ሰው ቻትጂፒቲን እንጂ ጉግልን አይጠይቅም»

እዚህ ጋ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። ጉግል ከውጤቶቹ በላይ የኤአይ ማጠቃለያ ማውጣት የጀመረው ሜይ 2024 አሜሪካ ላይ ነው። ፒው የምርምር ማዕከል የ900 አሜሪካውያንን የማርች 2025 የኢንተርኔት እንቅስቃሴ አጥንቶ ነበር። ማጠቃለያ በወጣበት ፍለጋ፣ ከመቶው ጊዜ በ8ቱ ብቻ ነው ሰው ከውጤቶቹ አንዱን የከፈተው። ማጠቃለያ ባልወጣበት 15 ነበር። እዚያው ማጠቃለያ ውስጥ ያለችውን ሊንክ የነካ ደግሞ ከመቶ አንድ። ይህን ቀላል ነው የሚል ካለ ወይ ሳይት የለውም ወይ ይዋሻል።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «የፍለጋ ቁጥር በ25 በመቶ ወርዷል» ይላሉ። ይቺ ቁጥር ጋርትነር ከተባለ የምርምርና የአማካሪ ድርጅት የመጣች ናት። በ2024 መጀመሪያ ላይ «በ2026 በዚህ ያህል ይወርዳል» ተብሎ የተነገረ ትንበያ ነው። ትንበያን እንደተፈጸመ ነገር መጥቀስ ደግ አይደለም። የአፕሉ ኃላፊ ኤዲ ኪው በሜይ 2025 ፍርድ ቤት ቀርበው፣ በሳፋሪ (የአፕል ብራውዘር) በኩል የሚደረገው ፍለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ ማለታቸው እውነት ነው። ጸሐፊው ይህንንም ጠቅሰዋል። ጉግል በዚያው ቀን የሰጠውን መልስ ግን ዘለሉት። ጠቅላላ ፍለጋው እያደገ ነው፣ ከአፕል መሣሪያዎች የሚመጣውም ጭምር ብሎ ነበር። በዓመት ከ5 ትሪሊዮን በላይ ፍለጋ እንደሚስተናገድ ያሳወቀውም በዚያው ዓመት ነው። ጉግል ስለ ራሱ ሲናገር ጨው ጣል አድርጋችሁ ስሙት፤ እሺ። ግን የሞተ ነገር አይመስልም።

ይልቅ ማን ተጎዳ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ገጽ ተጎድቷል። «የራስ ዳሽን ከፍታ ስንት ነው?»፣ «የኬንያ ዋና ከተማ ማን ናት?» በሚሉ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ሳይት ካላችሁ ያ ክሊክ አይመለስም። ሌላ ሥራ ፈልጉለት። «ቦሌ አካባቢ እሁድ የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ማጠቃለያ አንብቦ ጥርሱ አይሻለውም። መደወል አለበት። ከዱባይ ዕቃ በካርጎ ለመላክ በኪሎ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅም፣ በልኳ ቀሚስ የምታሰፋም መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ጋ መድረስ አለባቸው። ያ ሰው እናንተ ትሁኑ ሌላ፣ ጥያቄው እሱ ነው።

ቻትጂፒቲም ቢሆን መልሱን ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ አያመጣም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ይፈልጋል፤ ገጾችን ይከፍታል፤ ያነበበውን አጠቃልሎ ሊንኩን ያስቀምጣል። ጉግልም ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ፣ በኤአይ ማጠቃለያው ውስጥ ለመግባት የተለየ ቅድመ ሁኔታ የለም ይላል። ገጹ ኢንዴክስ ይደረግ (ጉግል መዝገብ ውስጥ ይግባ)፤ ቅንጫቢው በውጤት ላይ እንዲታይ ያልተከለከለ ይሁን፤ በቃ። ማለትም አዲሱ ቤት የሚገባው በአሮጌው በር ነው።

በሩን ራሳችሁ ዘግታችሁት እንዳይሆን ግን እዩ። ክላውድፍሌር (በሳይትና በጎብኚ መሐል ቆሞ ሳይቱን የሚጠብቅ አገልግሎት) ከጁላይ 2025 ጀምሮ በአዲስ ለሚመዘገቡ ሳይቶች የኤአይ ቦቶችን አስቀድሞ ይከለክላል። ሳይታችሁ በእሱ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ዴቬሎፐራችሁን ጠይቁት። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ የተለያዩ ቦቶች እንዳሉትም ልብ በሉ። ጂፒቲቦት ለማሠልጠኛ ጽሑፍ የሚሰበስበው ነው። ኦኤአይ ሰርችቦት ደግሞ ለፍለጋ መልስ ገጽ የሚፈልገው። ጽሑፌን አልሰጥም የሚል ሰው የመጀመሪያውን ከልክሎ ሁለተኛውን ማስገባት ይችላል። ጸሐፊው «የኤአይ ቦት» ብለው ሁሉንም ባንድ ጆንያ ከተዋቸዋል።

«በኤአይ በቀን 50 ጽሑፍ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ። ሰው መልሱን ከኤአይ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያው ኤአይ የጻፈውን ለማንበብ እናንተ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?

አደጋም አለው። ጉግል በፌብሩዋሪ 2023 ጽሑፍ በኤአይ መሠራቱ በራሱ ጥፋት አይደለም አለ። ብዙዎች ያቺን ይዘው ሮጡ። በማርች 2024 ደግሞ ፍለጋውን ሲያዘምን ሌላ ደንብ አወጣ። ለፍለጋ ደረጃ ተብሎ በገፍ የሚመረት ጽሑፍ፣ ሰውም ይጻፈው ማሽን፣ ስፓም ነው። ያ ዝመና ሲጠናቀቅ ጥራት የሌለው ይዘት ከውጤቶቹ ላይ በ45 በመቶ መቀነሱን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ውጤት ለሚገመግሙለት ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ፣ ልፋትም አዲስ ነገርም ሳይጨመርበት በኤአይ የተሞላ ገጽ ዝቅተኛውን ነጥብ እንዲያገኝ ጻፈ። በቀን 50 ማለት እንግዲህ በፈቃደኝነት ተሰልፎ መመዝገብ ነው።

አማርኛ ላይ ነገሩ ይብሳል። ማሽኑ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት ጻፍ ሲባል የሌላ አገር ቅጽ ያስገባል። ሴቷን በአንዱ ዐረፍተ ነገር አንቺ፣ በቀጣዩ አንተ ይላታል። እኔ በበኩሌ «በዛሬው ዲጂታል ዘመን» ብሎ የሚጀምር የአማርኛ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጣቴ ሳላዘው ወደ ኋላ ይመልሰኛል። አንባቢዎቻችሁም ከእኔ የተለዩ አይመስለኝም። ኤአይ አትንኩ እያልኩ አይደለም። ርዕስ አማርጡበት፤ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልብጡበት፤ ፊደል አሳርሙበት።

ጉግል በዲሴምበር 2022 ገጽ በሚመዘንበት መስፈርት ላይ ልምድ የሚል ጨምሯል። የጻፈው ሰው ነገሩን ሠርቶታል? ቦታው ሄዷል? ዕቃውን ይዞታል? የልብስ ነጋዴዋን «ደንበኞችሽ አብዝተው ምን ይጠይቁሻል?» አልኳት። ስልኳን ከፈተች። «ጋቢ ማሽን ውስጥ ይታጠባል?» «ጥለቱ ቀለም ይለቃል?» «ጀርመን ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?» «ለሕፃን ክርስትና የሚሆን አለሽ?» ለእያንዳንዱ ስትመልስ ከርማለች፤ አንዳንዱን በድምፅ፣ ከሸማኔው ጠይቃ። ሳይቷ ላይ ግን አንዱም የለም። ሳይቷ ላይ ያለው «የላቀ ጥራት ያላቸው ምርቶችን እናቀርባለን» ነው። ሆስቲንጉን ክፈይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር አጥፊ፣ መልሶቹን ለጥፊ አልኳት።

«አማርኛ አያዋጣም፤ ጉግልም አይገባውም»

ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ጉግል አማርኛ አይገባውም የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ትርጉሙ ውስጥ እንኳ አማርኛ የገባው በፌብሩዋሪ 2016 ነው። በእርግጥ የአማርኛ ውጤት አሁንም ከእንግሊዝኛው ይከፋል። ግን ለምን ይከፋል? አንዱ ምክንያት የሚያመጣው ስላጣ ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ነው ያለው። የእንግሊዝኛው በሚሊዮን ይቆጠራል። በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ከዓለም ሁሉ ጋር ትጋፋላችሁ። በአማርኛ ብዙ ጥያቄ ላይ መልስ የጻፈ ሰው ገና የለም። ባዶ ወንበር እያለ የሞላ አዳራሽ ግቡ ነው የሚሉን።

ፈላጊ የለም ደግሞ አይባልም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የከተማ አስተዳደር ወጪ ያወጣበትን አንባቢ ባለ ሱቅ ሲንቀው ይገርማል። ቤይሩትና ሪያድ ያለችው እህታችን ስለ ፓስፖርት እድሳትና ስለ ገንዘብ መላክ ስትፈልግ በየትኛው ቋንቋ የምትፈልግ ይመስላችኋል?

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር። አንድ የማውቀው የጥርስ ክሊኒክ ሳይት አለ፤ ስሙ ይቆየን። ሲከፈት ያምራል። የአገልግሎት ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓት፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ሁሉም አለ። ሁሉም ያለው ግን አንድ ፖስተር ላይ ነው። ለፌስቡክ የተሠራውን ፎቶ እንዳለ ሳይቱ ላይ ለጥፈውታል። ስልክ ቁጥሩን ጣታችሁን አሳርፋችሁ ኮፒ ለማድረግ ሞክሩ፤ አይያዝም። የፋይሉ ስም «ፋይናል ፋይናል 2» ይላል። የገጹ ርዕስ «ሆም» ነው። እሁድ ይሠራሉ። ፖስተሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን ፍለጋ ላይ አይመጡም። ጉግል ራሱ አስፈላጊ ጽሑፍ በፎቶ ውስጥ አታስቀምጡ ብሎ ይመክራል፤ ማንም አልሰማውም። የጉግል ካርታ ላይ ያለው የንግድ ገጻቸውም ሰዓቱ አልተሞላም። ያን ለመሙላት ገንዘብ አይጠየቅም። አድራሻቸውን ደግሞ «ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ» ብለው በጽሑፍ ቢያስቀምጡት ሰው የሚፈልገው እንዲያ እያለ ነው።

የድሮ ፎንት ጣጣም አልለቀቀንም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በሌሎች ፎንቶች ስንጽፍ ኖረናል። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ ፒዲኤፍ ሳይታችሁ ላይ ካለ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት። ቅራቅንቦ ከወጣ ጉግልም የሚያየው ቅራቅንቦውን ነው።

አድራሻው ላይም ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ዎርድፕረስ (የሳይት መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ የአማርኛ ርዕስ ስትሰጡ የገጹ አድራሻም በአማርኛ ይሆናል። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ይወጣል። እያንዳንዱ ፊደላችን 9 ምልክት ይሆናል። «ኢትዮጵያ» ብቻዋን 45 ትወስዳለች። ዎርድፕረስ ደግሞ 200 ላይ ይቆርጠዋል፤ ወደ 22 ፊደል ገደማ ማለት ነው። ጉግል ያነበዋል፤ ደረጃ አያስቀንስም። ሰው ግን ቫይረስ መስሎት አይከፍተውም። ርዕሱን በአማርኛ አድርጉ፤ አድራሻውን በአጭር ላቲን ጻፉት።

ወደ ፊደል አማራጮቹ ልምጣ። ጸሐፊው ያነሱት ችግር ትክክል ነው። «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚለውን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ አለ፤ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ አለ፤ በላቲን የሚጽፍም አለ። ሁለቱን የአማርኛ አጻጻፎች በየተራ ፈልጉና ውጤቱን አነጻጽሩ። መድኃኒታቸው ግን መርዝ ነው። በነጭ ላይ ነጭ ጽሑፍ መደበቅ ጉግል በስም ጠቅሶ የከለከለው የጥንት ማጭበርበሪያ ነው። ከፍለጋ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ይልቅ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሰዎች የፈለጓቸው ቃላት ዝርዝር ላይ ግቡ። ገብተው ያገኟችሁ ሰዎች በየትኛው ፊደል እንደጻፉ አንድ በአንድ ታያላችሁ። የበዛውን ርዕስ ላይ አድርጉ። ሌላው ጽሑፉ መሐል በወግ ይግባ፤ አንባቢም አይከፋውም። ሁላችንም እንዲያው ነው የምንጽፈው።

የቀን አቆጣጠሩንም አትርሱ። ተማሪው «የ2017 የ12ኛ ክፍል ውጤት» ብሎ ነው የሚፈልገው። ገጻችሁ 2025 ብቻ ካለ አልተገናኛችሁም። ሁለቱንም ጻፉ።

ልዩ ፋይል፣ ልዩ ኮድ፣ ልዩ ሊንክ

እነዚህን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ለኤአይ የሚጫነው ፋይል «ኤልኤልኤምኤስ ቴክስት» ይባላል። ጄረሚ ሃዋርድ የተባለ የዘርፉ ባለሙያ በሴፕቴምበር 2024 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ጉግል ውስጥ ከድረ ገጽ ባለቤቶች ጋር የሚሠራው ጆን ሙለር በ2025 ይህን ፋይል ከኪወርድ ሜታ ታግ (ከገጹ ኮድ ውስጥ የሚደረደር የፍለጋ ቃላት ዝርዝር) ጋር አመሳስሎታል። ያ ታግ ጉግል ለደረጃ አልጠቀምበትም ብሎ በ2009 በይፋ የተናገረለት ነው። ፋይሉን መጫን አይጎዳም። ገንዘብ ከፍሎ ማስጫን ግን ኪስ ይጎዳል።

ጸሐፊው በማለፍ የጠቀሱት፣ ጥያቄና መልስን ፍለጋ ውጤት ላይ እንዲታይ የሚያደርገው ኮድም ጊዜው አልፏል። ጉግል ያንን ማሳያ በኦገስት 2023 ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ሳይቶች ብቻ ወስኖታል።

ባክሊንክ በጥቅል መግዛት ደግሞ በኤፕሪል 2012 ፔንግዊን የተባለው ዝመና ሲወጣ ጀምሮ የሚያስቀጣ ነገር ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ቅጣትም አያስፈልገው፤ ሲስተሙ ለይቶ ዋጋ ያሳጣዋል፤ ብራችሁ ይቀልጣል። ስለ እናንተ የጻፈ አንድ ጋዜጣ፣ አባል የሆናችሁበት ማኅበር፣ ዕቃ የምታቀርቡለት ሆቴል ሳይቱ ላይ ቢጠቅሳችሁ ከጥቅሉ ሁሉ ይበልጣል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካውን አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ። ጉግል ከጁላይ 2024 ወዲህ በስልክ የማይከፈት ሳይት ኢንዴክስ አያደርግም። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል። ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ እንዲሰጥም ይጠብቃል፤ ይቺኛዋ መለኪያ በማርች 2024 የቀድሞዋን የተካች ናት። ከመግቢያ ገጻችሁ ላይ ያን የሚንሸራተት ትልቅ ፎቶ ብታነሱት ብቻ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ። ለአማርኛ ጽሑፍ ከባድ ፎንት መጫንም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ኖቶ የሚባለው የኛ ፊደል ፎንት አብሮ አለ። ዳታ ቆጥሮ የሚከፍል አንባቢ ያመሰግናችኋል፤ ባያመሰግናችሁም አይሸሻችሁም።

«ሳይቱን ዝጉት፤ ቴሌግራም ይበቃል»

ቴሌግራምን የሚጠላ የለም። እኔም ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። ለሚያውቃችሁ ሰው ዜና ለማድረስ ከእሱ የሚሻል የለም። የማያውቃችሁ ሰው ግን ቻናላችሁን እንዴት ያገኘዋል? ሰው አስገብቶት ነው፤ ወይም ከፍላችሁ አስተዋውቃችሁ ነው። ዛሬ ማታ ጋቢ እንዴት እንደሚታጠብ የቸገረው ሰው የእናንተን የዛሬ ዓመት ፖስት ወደ ላይ እየጎተተ አይደርስበትም።

የሰው ቤት መሆኑም አለ። በፌብሩዋሪ 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ እስከ ጁላይ ቆይቷል። በቪፒኤን የገባ ገባ፤ ያልገባ ቀረ። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቋረጥ ሳይትም እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ያኔ ግን የራሱ ሳይት የነበረው ነጋዴ ያለ ቪፒኤን ይከፈትለት ነበር።

ሁለቱን ማጣላት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። መልሱን ሳይቱ ላይ ጻፉ። ሊንኩን ቻናሉ ላይ ልቀቁ። ከሥሩ የሚመጣውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ገጽ ርዕስ አድርጉት። ጸሐፊውም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ያለችውን ሊንክ ብትከፍቷት የምትወስዳችሁ ወደ ገዛ ዌብሳይታቸው ነው። የዋጋ ዝርዝሩ በጽሑፍ ተቀምጧል፤ በስልክም ቶሎ ይከፈታል።